የሟች ደባል

ስልኩ ሲጮኽ ልብስ ሰፊው ስፒሎች በከንፈሩ ይዞ የአንድ ደንበኛ ሱሪ እያሳጠረ ነበር። የደወለው ያገሩ ልጆች ማኅበር ሊቀመንበር መሆኑን ሲያይ ለወር መዋጮ የሚነዘንዘው መሰለው። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል አጣብቆ አነሳው።

"ደህና አደርክ ልጄ? ሥራ ላይ ነህ?"

"እህ" አለ፤ አፉን መክፈት አይችልም።

"ጎሽ፣ አላቆይህም። ያ ደባልህ፣ ሎጋው፣ ዛሬ ጠዋት ቀለም ሲቀባ ከመወጣጫው ላይ ወድቆ አርፏል። ነፍሱን ይማረው። እንግዲህ እህቱን ልናረዳት ነው፤ የምትሠራበትን ቤት የሚያውቅ ደግሞ ካንተ በቀር ሰው አጣን። ወሬው ሳይቀድመን ቶሎ ብትመጣ ጥሩ ነው። ትሰማኛለህ?"

ልብስ ሰፊው ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ ስፖንጁ ላይ ሰካቸው። አንዷ ከንፈሩን ወግታው ኖሮ ደም ደም አለው።

"እሰማለሁ ጋሼ" አለ። "የት ልጠብቃችሁ?"

የነዚህ ሰዎች ነገር ይገርማል። ካገራቸው ሲወጡ ስንቱን ነገር ጥለው ሲመጡ መርዶን ግን ይዘው መጥተዋል። ዘመድ ለሞተበት ሰው በስልክ መንገር በነሱ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። መጀመሪያ ስልኩ በዘዴ ይወሰድበታል፣ በሰበብ አስባቡ እህል እንዲቀምስ ይደረጋል፤ ከዚያ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው ይሄዳሉ። አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ከኋላ ሆኖ ይደግፋል፣ አንዱ ውኃ ይይዛል። በዚህ ጉዳይ ሊቀመንበሩን የሚያህለው የለም። ለአጎት ልጅ፣ ለአክስት ባል፣ ለእንጀራ አባት ሳይቀር ሰው አሰባስቦ ሄዶ ያውቃል። ለደባል ግን ደንብ አላወጣም። ደባል ማለት ኪራይ የሚጋራ ሰው ነው፤ ኪራይ ለሚጋራ ሰው ደግሞ ሥራው ላይ እያለ ይደወልለታል፣ ይባስ ብሎም መንገድ ምራን ይባላል። በሊቀመንበሩ መፍረድም አይቻልም፤ ማን ነግሮት?

ማንም አልነገረውም፤ ሁለቱ ነገራቸውን አጥብቀው ደብቀውታል። ከአንድ የልብስ ንጽሕና መስጫ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ለዓመታት አብረው ሲኖሩ ሁለት አልጋ ነበራቸው። አንደኛው ለሰው ዓይን የተገዛ ነው። ብርድ ልብሱ ዘወትር እንደተወጠረ ነው፤ የሚተኛበት የለም፣ እንግዳ ሲመጣ ይቀመጥበታል። ሊቀመንበሩ ራሱ እዚያ አልጋ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ "እናንተ ወንደላጤዎች፣ ድግስ የምታበሉን መቼ ነው?" እያለ ስንት ጊዜ ጨቅጭቋቸዋል። አንድ ሰሞን እንዲያውም የማኅበርተኛቸውን የፀጉር ሠሪዋን የእህት ልጅ ለልብስ ሰፊው ሊያጭለት ሽር ጉድ ሲል፣ ሎጋው ሳቁ እንዳያመልጠው ወደ መታጠቢያ ቤት እየሮጠ ቧንቧውን ይከፍተው ነበር። ልብስ ሰፊው ደግሞ ብቻውን ቀርቶ ስለ ልጅቷ ባሕርይ ይጠይቃል። ምን ያድርግ?

ያገራቸው ልጆች ሲሰደዱ ሥራ ፍለጋ ነው። ልብስ ሰፊው ሥራ አላጣም ነበር፤ ስሙ የተጠራ ሰፊ ነበር። እሱ የተሰደደው ግን ነገሩን ያወቀበት ታላቅ ወንድሙ "ሁለተኛ እዚህ ሰፈር እንዳላይህ" ብሎ በር ስለዘጋበት ነው። ሎጋውን ያገኘው በስደቱ መንገድ ላይ ነው። እዚህ ሲደርሱ የተገላገሉ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን ሥራው የሚገኘው፣ ክፍሉ የሚከራየው፣ ሲታመሙ የሚጠየቁት በዚያው ባገራቸው ሰው በኩል ሆነና የሸሹት ዓይን ቀድሟቸው ጠበቃቸው። ስለዚህ ደባል ሆኑ። መንገድ ላይ እንኳ አንዱ ቀደም፣ አንዱ ኋላ ቀረት ብሎ ነው የሚሄዱት።

የሱቁ ባለቤት የፈቃድ ጥያቄውን ሰምቶ "የሞተው ዘመድህ ነው?" አለው። ለዘመድ ሞት ቀኑን ሙሉ ይፈቀዳል፤ የሱቁ ደንብ ነው።

"አይደለም" አለ ልብስ ሰፊው። "አብሮኝ የሚኖር ሰው ነው።"

"እንግዲያው ሱሪውን ጨርሰህ ሂድ። ከምሳ በኋላ እንድትመለስ።"

ጨረሰው። የሱሪውን እግር ዘመዘመ፣ ተኮሰ፣ መስቀያው ላይ ሰቀለ። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር፤ እጁ አንዴም አልተንቀጠቀጠም። ኋላ ይህን ሲያስበው የገዛ እጁን ጠላ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሊቀመንበሩና ፀጉር ሠሪዋ ቀድመውት ደርሰዋል። ሊቀመንበሩ ለመርዶ የሚለብሰውን ያን የታወቀ ጥቁር ኮቱን ለብሷል። ፀጉር ሠሪዋ ከሥራ ስለመጣች ሽርጧን ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች። ገና ተሳፍረው እንደተቀመጡ ሊቀመንበሩ ሥራ አከፋፈለ።

"የምናገረው እኔ ነኝ። አንቺ ከኋላዋ ትሆኛለሽ፤ ስትወድቅ ደግፊያት እንጂ እንዳትለቂያት። አንተ ውኃውን ያዝ።" የታሸገውን ውኃ ሰጠውና አተኩሮ አየው። "ደግሞ ፊትህን አስተካክል ልጄ። ከሩቅ ያስታውቅብሃል። ገና ስታይህ ነው የምትደነግጠው።"

"እሺ ጋሼ።"

"እንዲህ ነው ወንድ። መቼስ አብራችሁ ኖራችሁ፣ አልከፋህም አልልም።" ጉልበቱን ቸብ አደረገው። "ዕቃውን ሰብሰብ አድርግላት፣ ትውሰደው። ለኪራዩም አታስብ፣ ሌላ ደባል እኔ እፈልግልሃለሁ። አንድ ጨዋ ልጅ አለ፣ ዳቦ ቤት የሚሠራ።"

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አለ ልብስ ሰፊው።

ከዚያ ወዲያ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ብቻ ሆነ ሥራው። የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ በሰው ፊት ደረቱን እየደቃ እንደ ሐዘንተኛ መጮኽ። ግን ደባል ለደባል ስንት ያለቅሳል? ሁለት ሦስት ዘለላ ዕንባ ያምርበታል፣ ደግ ልጅ ያሰኘዋል። ከዚያ ካለፈ ሰው ልብ ይላል፣ ልብ ካለ ይጠይቃል፣ ከጠየቀ ክፍሉም፣ ሥራውም፣ ቀብሩ ላይ መቆሚያ ቦታውም ይቀራል። ሎጋው ለራሱ ወድቆ አለቀለት፤ እሱን ግን በዚህ ሁሉ ሰው መሐል ብቻውን ጥሎት ሄደ። ውኃውን ጭኑ መሐል አድርጎ ጥርሱን ነከሰ።

የሎጋው እህት የምትሠራበት ቤት ትልቅ ነው። የሠራተኛ በሩ በጓሮ በኩል፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ ነው። ልብስ ሰፊው በሩን የሚያውቀው በዕረፍት ቀኗ ሊወስዷት ከሎጋው ጋር እዚያ ጥግ ላይ እየቆመ ይጠብቃት ስለነበር ነው። ወንድሟ ሆኖ ሳለ ሎጋውም ከዚያ በር አልፎ አያውቅም። እመቤቲቱ "ወንድሜ ነው የማትል ሠራተኛ የለችም" ብላ ገና ስትቀጥራት ከልክላለች።

ፀጉር ሠሪዋ ደወሉን ተጫነች። እመቤቲቱ ራሷ ከፈተችና ሦስቱን ተራ በተራ አየቻቸው። ሴቲቱ ትግባ፣ ወንዶቹ አይገቡም አለች። ሊቀመንበሩ ፀጉር ሠሪዋ ስትተረጉምለት ፊቱ ተለዋወጠ። እሱ ካልገባ ማን ሊናገር ነው?

"ኧረ እኔ የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው ነኝ! ምን ያደርጋል ብላ ነው?" እያለ በቋንቋው ተንጨረጨረ። እመቤቲቱ ቃሉ ባይገባትም ጥቁሩ ኮት ሳይገባት አልቀረም። እንግዲያው እሷ ትውጣ፣ ግን እንዳትቆይ ብላ ገባች።

እህቱ የላስቲክ ጓንቷን እንዳጠለቀች ወጣች፤ የሳሙና አረፋ ከጣቶቿ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ ያየችው ሊቀመንበሩን ነው። ያን ኮት በሥራ ቀን ደጁ ላይ ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

"ልጄ" ብሎ ጀመረ ሊቀመንበሩ፣ "የሰው ልጅ እንግዲህ በዚህ ምድር ላይ..."

"ጋሼ፣ ማነው? እናቴ ናት?"

"ወንድምሽ ነው።"

መንገዱን ሙሉ ሲያሰላው የመጣው ንግግር እዚያው አለቀ። እህቱ "ሎጋዬ!" ብላ ስትጮኽ ፀጉር ሠሪዋ ከኋላ ያዘቻትና ሁለቱም ተያይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊው ግንቡን ተደግፎ፣ ውኃውን ይዞ፣ እንደታዘዘው ፊቱን አስተካክሎ ቆመ። እሷ ፀጉሯን ትነጫለች፣ ጉንጯን ትቧጥጣለች፣ ሊቀመንበሩ "አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ" ይላታል። ልብስ ሰፊው ቀናባት። የሚያሳፍር ነገር ነው፣ ግን ቀናባት። እሷ እህት ነች፤ አልቅሺ የሚላት አላት።

ለቅሶው ጋብ ሲል ሊቀመንበሩ "ውኃ" ብሎ ጠቀሰው። ልብስ ሰፊው ቀርቦ ክዳኑን ከፍቶ ጎንበስ አለላት። እጇን ወደ ውኃው ዘረጋች፤ ከዚያ ቀና ብላ ፊቱን አየችና እጇ እዚያው ቀረ። ረጅም ጊዜ አየችው።

"አንተን ማን አረዳህ?" አለችው።

ልብስ ሰፊው የውኃውን ክዳን መልሶ ገጠመው።

"እሱማ ቤቱን እንዲያሳየን ደውለንለት ነው" አለ ሊቀመንበሩ።

"በስልክ?"

"ታዲያ ምን አለበት ልጄ? ደባሉ አይደል?"

እህቱ ለሊቀመንበሩ አልመለሰችለትም። ጓንቶቿን መንጭቃ አውልቃ ጣለች፤ ግንቡን ይዛ ተነሳች። ውኃውን ከልብስ ሰፊው እጅ ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞራ "ከኋላው ሁኚ" አለቻት። ፀጉር ሠሪዋ ግራ ገብቷት ሊቀመንበሩን አየች።

"ያዢው እኮ ነው የምልሽ! ብቻውን ይውደቅ?"

ፀጉር ሠሪዋ ሄዳ ትከሻውን ያዘችው። እህቱ በረጠቡ እጆቿ ሁለት ጉንጮቹን አቅፋ፣ ትልልቅ ሰዎች እንደሚያደርጉት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ነገረችው።

"ስማኝ ወንድሜ። ሎጋው ሞተብህ። ጠዋት ከጎንህ ተነስቶ የሄደው ሰው አይመለስም። እግዜር ያጽናህ።"

ልብስ ሰፊው ፀጉር ሠሪዋ እንደያዘችው መሬት ላይ ተቀመጠ። የዋለበት ዝምታ ሁሉ አንድ ላይ ወጣ፤ ደረቱን እየደቃ፣ ከሁለቱ በቀር ማንም ሰምቶት በማያውቅ ስም እየጠራው ጮኸ። የጎረቤት መስኮት ተከፈተ። ያንን ጩኸት ሰምቶ ደባሉ ነው የሚል ሰው አይገኝም፤ ሊቀመንበሩም ገባው። የኮቱን ቁልፍ ያለቦታው ቆለፈና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው መንገድ ጀመረ። ፀጉር ሠሪዋ እጇን ከልብስ ሰፊው ትከሻ አነሳች፣ መልሳ አሳረፈችው፣ ጥቂት እንደቆየች ደግሞ አነሳችውና "እግዜር ያጽናችሁ" ብላ፣ ማንን እንዳለች ሳይታወቅ፣ ተከትላው ሄደች።

ከውስጥ ደወሉ ተደወለ። እህቱ አልሰማሁም አለች። ሁለተኛ ተደወለ፣ ከዚያ እመቤቲቱ ራሷ በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

"ካልገባሁ ታባርረኛለች" አለችው እህቱ ጆሮው ሥር። "የቀብሩን ፈቃድ እለምናታለሁ። እስከዚያ ቤት ሄደህ ጠብቀኝ። ለቅሶ የምቀመጠው አንተ ጋ ነው፤ ማንም ባይመጣ እኔና አንተ እንቀመጣለን።" ጓንቶቿን ከመሬት ለቅማ በረጠበ ፊቷ ገባች።

በሩ ተዘጋ። ዳቦ ቤት የሚሠራው ጨዋ ልጅ እንግዲህ አይመጣም፤ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ የክፍሉ አከራይም ይሰማል። ልብስ ሰፊው ይህን ሁሉ ያውቀዋል። ከገንዳዎቹ አጠገብ መሬቱ ላይ ተቀምጦ ማልቀሱን ቀጠለ፤ አይዞህ የሚለው ሰው አልነበረም፣ ዝም በል የሚለውም አልነበረም።