የሠላሳ አንድ ጎጆ ቋጠሮ

ያን ቀን ተራው የሐምዲያ ነበር። ነገር ግን ባሏ ሷሊሕ ወባ ጥሎት ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ስላደረ፣ ትታው መውጣት አልሆነላትም። ጎረቤቷ ይልማ ይህን ሰምቶ በማለዳ በደጇ ብቅ አለ።

«አንቺ ባልሽን አስታምሚ፤ እኔ እውልልሻለሁ። ገመዱን ብቻ አምጪ።»

ከወገቧ ፈትታ ሰጠችው። «አላህ ይስጥልኝ ጋሼ ይልማ።»

ከሮቢ ወንዝ ዳር፣ ከመንገዱ አጠገብ ባለው ዋርካ ላይ በየዓመቱ ኅዳር ሲጠባ አባ ኮዳዎች ጎጆ ይሠራሉ። ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ ሲያዩት የማያምር አሞራ ነው። ሆኖም አንበጣ የወረደ ዓመት፣ የሰው ጩኸትና ጅራፍ ያልመለሰውን መንጋ እየለቀመ የመንደሩን ማሽላ እኩሌታ ያተረፈው እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ማንም ሳያዘው፣ ተራ እየገባ ከዋርካው ሥር ይውላል። ጦጣ ያባርራል፤ የወደቀ ጫጩት ካገኘ ወጥቶ ጎጆው ይመልሳል። ለእያንዳንዱ ጎጆ በቃጫ ገመድ ላይ አንድ ቋጠሮ ይቋጠራል፤ ጎጆው ከፈረሰ ይፈታል። የቋጠሮውን ዘዴ ያመጣችው ሐምዲያ ነበረች። በዚያ፣ ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ቁጥሩ ሠላሳ አንድ ደርሶ ነበር።

ፀሐይ ሳትበረታ የይልማ ሚስት ጌጤ ነጠላዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች መጣች።

«ባንዶች ያዙት! ለአርበኛ ካሚዮን ይቆጥራል ብለው ሸዋ ሮቢት ወሰዱት! ገመዱን አገኙበት!»

አርበኞች ካራቆሬ አጠገብ የጣሊያን ካሚዮኖች ካቃጠሉ ገና ሳምንት አልሞላም። ሐምዲያ ሷሊሕን ለእህቱ አደራ ብላ ከጌጤ ጋር በዚያ ሐሩር ወረደች። ካምፑ ሲደርሱ ይልማ እጁን የኋሊት ታስሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ገመዱ ከጣሊያኑ ሻምበል ጠረጴዛ ላይ ነው።

«ጌታዬ፣ ቋጠሮው የእኔ ነው» አለች ሐምዲያ። «የቆጠርነው የአሞራ ጎጆ ነው። ተራውም የእኔ ነበር፤ ወላሂ፣ እሱ የወጣው ስለ እኔ ነው!»

አስተርጓሚው ሰይፉ የሚባል የአገር ሰው ነበር። «ዝም በይ፤ አንቺንም ይጨምሩሻል» አላት በለሆሳስ።

«ንገርልኝ!»

ነገረላት። ሻምበሉ ሳቀ።

«አሞራ ተቆጥሮ ለማን ነው የሚነገረው? ነው የሚለው» አላት ሰይፉ።

«ለማንም። ይምጣና ይቁጠረው። ከሠላሳ አንድ አንዲት ብትጎድል እኔን ይስቀለኝ።»

ሻምበሉ ገመዱን አንስቶ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ። ምን እንዳሰበ አላህ ይወቅ፣ ሰይፉና ሁለት ወታደሮች አብረዋት ሄደው እንዲያዩ አዘዘ። ጌጤ መሬት ሳመች። ሐምዲያ ከወታደሮቹ ፊት ፊት እየሮጠች ወጣች።

ወንዙ ጋ ስትቃረብ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማች። አርበኛ እንዳይሸምቅበት በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ዛፍ ሁሉ እንዲቆረጥ ታዞ ኖሯል። ይልማ ከተወሰደ በኋላ ሃያ ሠላሳ ሰው ተረባርቦበት ዋርካው ተጋድሟል። ጭራሮው ተበታትኖ፣ ጫጩቱ ከቅርንጫፉ ሥር ተጨፍልቆ፣ እናቶቹ ከላይ ይዞራሉ።

ሐምዲያ ተንበረከከች። ጭራሮውን በእጇ እየሰበሰበች ትከምር ጀመር። «ይኸው አንድ። ይኸው ሁለት። ይህም ጎጆ ነበር፣ እየው...» ወታደሮቹ ይስቃሉ። ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ሰይፉ ክንዷን ያዛት።

«በቃ፣ ተነሺ።»

«ያየኸውን ንገረው! አንተ የአገር ልጅ አይደለህም?»

«ያየሁት ጭራሮ ነው» አላት፤ ዓይኗን ግን አላየም።

ይልማን በማግስቱ ገበያ መሐል ሰቀሉት። ሬሳውንም ሦስት ቀን ከለከሉ።

ሐምዲያ ለቅሶ ቤት ስትገባ ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት። ጌጤ ቀና አለች።

«ሷሊሕ ተሻለው?»

«ተሻለው።»

«ተመስገን» አለች ጌጤ፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሐምዲያ፣ ጌጤ ሰድባት፣ ቧጭራት ቢሆን በወደደች ነበር። አርባው ሳይወጣ ጌጤ ዕቃዋን በአህያ ጭና ወደ አጣዬ ዘመዶቿ ሄደች። ሐምዲያ ልትሸኛት ወጥታ ከአጥሯ ማለፍ አቃታት።