ከኢታንግ ያመጣሁት ተከላካይ

ጋምቤላ ገበያ ውስጥ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ስለ ኳስ ብዙ ስለማወራ፣ የትንሿ ክለባችን ሊቀመንበር ኦቻን አንድ ቀን፣ “ኢድሪስ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተጫዋች መልማያችን አንተ ነህ” አለኝ። ዝም ሊያሰኘኝ ብሎ ይሆናል። እኔ ግን የምሬን ይዤው በማግስቱ ፊሽካ ገዛሁ። መልማይ ፊሽካ እንደማያስፈልገው የነገረኝ አልነበረም።

ጥሩ የተባለውን ተጫዋች ትልልቆቹ ክለቦች ቀድመው ይወስዱታል። ስለዚህ ዘዴ ያስፈልገን ነበር፤ የእኔ ዘዴ ደግሞ ቁመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ረጃጅም አጥቂዎች አመጣሁ። አንደኛው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች መሆኑን ያወቅሁት ከሁለት ጨዋታ በኋላ ነው። “አልጠየቅከኝም” አለ። ከአሥር ቡድን አሥረኛ ወጣን።

በዓመቱ ኢታንግ ውስጥ ድንቅ አጥቂ አለ ሲባል ሰምቼ በሚኒባስ ሄድኩ። ስደርስ ልጁን አንድ ትልቅ ክለብ ጠዋት ወስዶታል። ባዶ እጄን መመለሱ ስላሳፈረኝ ሜዳው ዳር ተቀምጬ የሠፈር ጨዋታ ማየት ጀመርኩ። አጠገቤ አንዲት ሴት ደብተር ይዛ ትጽፋለች፤ ኛሙዎች የምትባል የስፖርት መምህርት ነበረች።

“ጋሼ፣ ማንን ነው የሚያዩት?”

“ያንን ፈጣኑን፣ ሰባት ቁጥሩን።”

“እሱን ሁሉም ያየዋል። አራት ቁጥሩን ይዩት።”

አራት ቁጥሩ ዊዩዋል የሚባል የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ሠላሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ቀጭን፣ ቁልፍ የጠፋበት ይመስል መሬት መሬት እያየ የሚራመድ።

“አሞታል እንዴ?” አልኳት።

“ኳሱን ይተዉትና አሥር ደቂቃ እሱን ብቻ ይከተሉት።”

ተከተልኩት። ሰውየው የማይሮጠው ኳሱ የሚመጣበት ቦታ ቀድሞ ስለሚቆም ነው። ኛሙዎች ደብተሯን አሳየችኝ፤ በየጨዋታው ስንት ኳስ እንዳስጣለ፣ ስንቱን እንዳበላሸ ዓመቱን ሙሉ መዝግባለች። እውነቱን ለመናገር አላሳመነችኝም። ዊዩዋልን ያመጣሁት ሌላ የማመጣው ሰው ስላልነበረኝ ነው።

ኦቻን አየውና፣ “ይሄ ተጫዋች ነው ወይስ እንግዳህ?” አለኝ።

“ቆይ፣ ታያለህ” አልኩት እንደ አዋቂ።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ዜሮ ለዜሮ ወጣን። በሰባት ጨዋታ የገባብን ሦስት ጎል ብቻ ሆነ፤ ዓመቱንም አራተኛ ሆነን ጨረስን። ገበያው ሁሉ “ዓይን አለህ” ይለኝ ጀመር፤ እኔም አንገቴን ደፋ እያደረግሁ ተቀበልኩ። ሬዲዮ ላይ ስቀርብማ፣ “ኳሱን ትታችሁ አሥር ደቂቃ ሰውየውን ብቻ ተከተሉ” ብዬ አስተማርኩ።

በማግስቱ ኛሙዎች ደወለች። “ሬዲዮ ሰማሁ ጋሼ። ጥሩ ተናግረዋል” ብላ ዘጋች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሱቄን ዘግቼ ለኦቻን ሁሉንም ነገርኩት።

“ታዲያ ለምን እሷን አልያዝንም?” አለ።

ስልኬን አውጥቼ ቁጥሯን ሰጠሁት።

አሁን መልማያችን እሷ ናት። ዘንድሮ ከፑኝዶ ሁለት ተጫዋች አምጥታለች፤ ሁለቱንም እኔ ብሆን አልመርጣቸውም ነበር። እኔ አብሬያት እየሄድኩ ያለችኝን ተጫዋች እመዘግባለሁ። ባለፈው እሑድ ግን ያለችኝን ስድስት ቁጥር ትቼ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የተቃራኒውን ቡድን ስድስት ቁጥር ስመዘግብ ቆየሁ። ኛሙዎች ገጹን አየችና ገነጠለችው፤ ደብተሩንም መለሰችልኝ። ከሁለተኛው አጋማሽ ጀመርን።