ዋቂፍ ሰላም ብሎሃል

«ለብሎክ 63 ነዋሪዎች በሙሉ። የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ የሆኑት አቶ ዳባ ጉተማ ሻንጣ የገዙ መሆናቸውን ኮሚቴው በታላቅ አክብሮት ያስታውቃል።»

ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማህተም መትቼበት ደረጃው መግቢያ ላይ፣ ከውሃ ፈረቃው ፕሮግራም ጎን ለጠፍኩት። የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ፤ ከሥራው ሁሉ የምወደው ማህተሙን ነው። ሻንጣ መግዛት ማስታወቂያ ያስፈልገዋል ወይ የሚል ሰው ጀሞ ኖሮ አያውቅም። የሻንጣው ጎማ ደረጃውን እየደበደበ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ ያልሰማ የለም። ግን ሰው ለሰው ሲያወራው ሐሜት ነው፤ ማህተም ሲያርፍበት መረጃ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋሽ ዳባ ልጅ ሴና ኳታር ከገባች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ዶሃ አንድ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። በ2015 ኅዳር፣ የዓለም ዋንጫው እዚያ ሲደረግ፣ ለአባቷ የአውሮፕላን ትኬትና የአንድ ጨዋታ መግቢያ ላከችለት። ጋሽ ዳባ ብሎካችን ከመቆሙ በፊት እዚሁ ቦታ ላይ ጤፍ ይዘራ የነበረ ሰው ነው። አሁን የሚተኛው ከድሮ ማሳው ዘጠኝ ሜትር ከፍ ብሎ አየር ላይ መሆኑን ላገኘው ሁሉ ይናገራል። ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ አያውቅም።

ከብሎኩ ሰው ኳታርን የሚያውቅ አንድ መኩሪያ ነው። «ኳታሩ» ነው የምንለው። ኳስ የምናየው በጋራ መገልገያው አዳራሽ ውስጥ፣ የእድሩ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠን ነው፤ ከፊት ግን፣ ቴሌቪዥኑ ትክክል ላይ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው አንድ የፕላስቲክ ወንበር አለ። ዋንጫው ኳታር ነው ከተባለ ወዲህ እዚያ ወንበር ላይ ከመኩሪያ በቀር ተቀምጦ የሚያውቅ የለም። ዘግይቶ ሲመጣ ወንበሩ ባዶውን ይጠብቀዋል። ሚስቱ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ወንበር እንደሌለው ነግራኛለች።

እኔ ግን የማውቀው ነገር አለ። መኩሪያ ኳታርን ያያት ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለስልጠና ማሌዥያ ሲልከው በዚያ በኩል አልፎ፣ ከአየር ማረፊያው ሳይወጣ ነው የሄደው። ይህን የነገረኝ መካኒሳ አቦ አንድ ሰርግ ላይ፣ ከሦስተኛው ቢራ በኋላ ነው። ከአራተኛው በኋላ እንዳልነገረኝ ቆጠረው፤ እኔም እንዳልሰማሁ ቆጠርኩለት።

እና ሁለተኛውን ማስታወቂያ ጻፍኩ። «እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ለተጓዡ ስለ ኳታር ገለጻ ይሰጣል። ገለጻ አቅራቢ፦ አቶ መኩሪያ።» ማህተም።

ጋሽ ዳባ ሻንጣውን ይዞ መጣ። ለምን እንደያዘው አልጠየቅነውም። ከምድር ቤት ባለሱቋ ከድጃ ሱቋን ዘግታ መጣች። ከአራተኛ ፎቅ እትዬ ገዲሴ ወረደች፤ በብሎካችን የማን ዘር ከየት እንደመጣ የምታውቅ እሷ ናት።

«ኳታር» አለ መኩሪያ፣ ሁለቱንም ክንዶቹን አሳርፎ፣ «ትንሽ አገር ናት። ከጫፍ እስከ ጫፍ በባቡር ነው። ባቡሩ ሹፌርም የለው፣ ረዳትም የለው።»

«ወራጅ አለ የሚባለው ለማን ነው ታዲያ?» አለ ጋሽ ዳባ።

«ለማንም። በሩ ራሱ ያውቃል።»

«ሙቀቱ ይገድላል ይላሉ» አለች እትዬ ገዲሴ።

«ማነው ያለው? ሹራብ ያስፈልጋል። እኔ ስንቀጠቀጥ ነው የከረምኩት።»

እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ወለሉ እብነ በረድ ነው፤ አገሩ በሙሉ። መንገዱ ደግሞ ራሱ ይሄዳል። አንተ ትቆማለህ፣ እሱ ያደርስሃል።»

«አፈርስ?» አለ ጋሽ ዳባ።

መኩሪያ አሰበ። «አፈር አላየሁም» አለ። ከዚያ ቀን ንግግሩ ሁሉ ይህቺ ያለ ጥርጥር እውነት ነበረች።

«ሰዉ የት ነው የሚያድረው?»

«አብዛኛው ወንበር ላይ ነው። ሻንጣውን ተንተርሶ።»

ጋሽ ዳባ ሻንጣውን በእጁ ጫን ጫን አድርጎ ለካው። ተስማማው።

«ደግሞ እንዳትደነግጥ፣ መሀል ላይ ቤት የሚያክል ቢጫ ድብ አለ። ጭንቅላቱ ላይ መብራት ያለበት።»

«ይነክሳል?»

«ለእኔ ምንም አላለኝም» አለ፣ ስለ አየር ማረፊያው ሐውልት።

ከዚህ በኋላ ካርዱ መጣ። ሴና ባለፈው ደውላ፣ «አባ፣ ያለ ሃያ ካርድ ማንንም አያስገቡም፤ እኔ እዚህ…» ስትል ነበር ኔትዎርኩ የተቋረጠው። ጋሽ ዳባ ይህንን አንስቶ ጠየቀ።

«ሃያ ካርድ» አለ መኩሪያ፣ ሳይደናገጥ። «እኔ በሄድኩ ጊዜ አስራ ሁለት ነበር። ለዓለም ዋንጫው ጨምረውት ነው።»

ተቆጠረ፤ መዝጋቢው እኔ ነበርኩ። የነዋሪነት መታወቂያ፣ የክትባት ካርድ፣ የመብራት ቆጣሪ ካርድ፣ የጤና ጣቢያ ካርድ፣ የእድር ደብተር (ከድጃ ደብተር ካርድ አይደለም ብላ ተከራክራ ተሸነፈች)፣ ሁለት የሰርግ መጥሪያ፣ ያንዱ ሙሽሮች ተፋተዋል። አስራ ሰባት ላይ ቆመ። ከድጃ ወደ ሱቋ ሄዳ ሦስት የተፋቀ የሞባይል ካርድ አምጥታ ሞላችለት። «ሃያ» የዓለም ዋንጫው መግቢያ ካርድ ስም መሆኑን፣ ሴናም ቀድማ በስልኳ እንዳወጣችለት የሰማነው ኋላ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ መኩሪያም ወንበሩም ሰላም ነበሩ። ከድጃ ግን ባለሱቅ ናት። «ሱቅስ አላቸው?» አለች።

«የሱቅ ነገርማ፣ ሱቅ ዋቂፍ አለልህ» አለ መኩሪያ። ይህን ስም አየር ማረፊያው ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ አይቶታል፤ ከአጠገቡ የጀበና ሥዕልና ቀስት ነበረበት። «የዋቂፍ ሱቅ። ያልገባሁበት ቀን የለም።»

ጋሽ ዳባ ቀና አለ። «ማን አልክ?»

«ዋቂፍ።»

«ዋቅ የሚል ስም የማን ይመስልሃል? የኛ ሰው ነዋ።»

መኩሪያ አንድ ትንፋሽ ሳበ። ይህችን ትንፋሽ እኔ ብቻ ነኝ የሰማኋት። «እሱማ… ኦሮሞ ነው» አለ። «ሰላሌ ነው።»

«ሰላሌ» አለች እትዬ ገዲሴ፣ ዓይኗን ጨፍና። «ዋቂፍ… የፍቼዎቹ ይሆናሉ። አባቱ በቅሎ የሚያረቡት። አክስቱ ለቡ ነው ያለችው፣ አውቃታለሁ።»

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ሁሉም ሰው ዋቂፍን በሚያውቅበት ክፍል ውስጥ ብቻውን የማያውቅ መሆን ቀላል አይደለም። «ረጅሙ ነው?» አልኩ።

«ረጅም ነው» አለ መኩሪያ። አመሰገነኝ፣ በዓይኑ።

እንግዲህ የአገር ሰው ባዕድ አገር ተቀምጦ ባዶ እጅ አይኬድበትም። እትዬ ገዲሴ የገብስ ዱቄት በቅቤ ለውሳ ጭኮ ሠራች፤ የሰላሌ ሰው ጭኮ ሲያይ ያለቅሳል አለች። ከድጃ ባለ ክዳን የፕላስቲክ ሳህን አዋሰች፤ ክዳኑ ላይ ስሟን በማርከር ጽፋ። «ሳህኑ ይመለሳል» አለችው ጋሽ ዳባን። «ለዋቂፍም ንገረው፣ ሱቅ ለሱቅ እንተዋወቅ።»

ጋሽ ዳባ በሃያ ካርድ፣ በሹራብና በጭኮ ሄደ።

መኩሪያ በነዚያ ሁለት ሳምንታት ከሳ። ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ክንዱን ግን አያሳርፍም። ጎል ሲገባ እንኳ የሚያየው በሩን ነው። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ያዘኝ።

«ስማ፣ ዶሃ ሰፊ ከተማ አይደለም? አንድ ሰው ፈልጎ ማጣት አለ አይደል?»

«ትንሽ አገር ናት ብለሃል።»

«ብያለሁ?»

«በቃለ ጉባኤ ተይዟል።»

ተነፈሰ። «አግዳሚው ላይ ልመለስ ነው ማለት ነው» አለ፤ «እሱስ ምንም አይደለም፣ የሚመለሱበት መንገድ ነው እንጂ። ከነስሜ ነው የሚያወርዱኝ። ኳታሩ እያሉ።»

ጋሽ ዳባ ረቡዕ ገባ። ሹራቡን እንደለበሰ ነው። ማታውኑ አዳራሹ ሞላ፤ ማስታወቂያ እንኳ አላስፈለገም። መኩሪያ ዘግይቶ መጣና ወንበሩን አልፎ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ በግማሽ ቂጡ ተቀመጠ።

«ካርዱስ?» አልኩ፣ እንደ ጸሐፊ።

«ሃያ ካርድ አለች ፓስፖርት የምታየው ልጅ። አውጥቼ ደረደርኩላት። ቆጠረችው። አለቃዋን ጠራች፣ እሱም ቆጠረው። ሌሎችም መጥተው አዩት። ፎቶ አነሱት።»

«ልክ ሆነ?»

«ያለቀ ነገር ነው። እለፍ አሉኝ።»

አዳራሹ ወደ መኩሪያ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። መኩሪያም ነቀነቀ፤ ዓይኑ ግን በሩ ላይ ነው።

«ድቡንም አየሁት» አለ ጋሽ ዳባ። «አይነክስም። መንገዱም ይሄዳል። ወንበሮቹንም አየኋቸው።» ወደ መኩሪያ ዞረ። «አንተ የተኛህበትንም ሳላየው አልቀረሁም፣ መኩሪያ።»

መኩሪያ መሬት መሬት አየ።

«ዋቂፍስ?» አለች ከድጃ።

ጋሽ ዳባ ሻንጣውን ከፈተ፤ ሳህኑን አወጣ፤ ክዳኑ ላይ ያለውን ስም በእጁ ጠረግ ጠረግ አደረገ። በብሎኩ የሚተኛው ሰው ሁሉ ድሮ የጋሽ ዳባ ማሳ በነበረ ቦታ ላይ ነው የሚተኛው፤ ስለዚህ ይሆናል፣ ሁላችንንም እንደ እንግዶቹ የሚያየን።

«ዋቂፍ ሰላም ብሎሃል» አለው መኩሪያን።

መኩሪያ አፉን ከፈተ።

«ምነው ጠፋ፣ ምነው ዝም አለኝ፣ ብሏል።»

«ሥራ…» አለ መኩሪያ፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት። ሳህን ባዶውን አይመለስም ብሎ ደግሞ ይኸው» ክዳኑን ከፈተው፤ ተምር ሞልቶበታል። ለሁላችንም አዞረ። እትዬ ገዲሴ ስለ አክስቱ ጠየቀ ወይ ብላ ጠየቀች፤ ጠይቋል። እኔም ቁመቱ እንዳለ ነው ወይ አልኩ፤ እንዳለ ነው። ከድጃ ሱቁ እንዴት ነው አለች፤ ከአንቺው ትንሽ ይሰፋል አላት።

ሁሉም ከተበተነ በኋላ መኩሪያ በሬን አንኳኳ። ጫማውን ሳያስር ነው የመጣው።

«ዋቂፍ የሚባል ሰው አለ እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አንተ ነህ የምታውቀው» አልኩት።

በነጋታው ከድጃ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ሌላ ወንበር ከሱቋ አምጥታ ከመኩሪያ ወንበር ጎን አኖረችው፣ ለጋሽ ዳባ። ኳታር ሁለት ወንበር ሆነች። መኩሪያም ክንዱን መልሶ አሳረፈ፤ አሁን የሚመሰክርለት ሰው አለው።

አርብ ብራዚል በአስራ ሁለት ሰዓት ይጫወታል። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከጨዋታው በፊት ቴሌቪዥኑ ዶሃን ማሳየት ጀመረ። ማይክ የያዘ የኛው ጋዜጠኛ አንድ መግቢያ ፊት ቆሞ፣ «አሁን የምንገኘው ሱቅ ዋቂፍ ነው» አለ።

«ዝም በሉ» አለች ከድጃ፣ «ዋቂፍ ጋ ሊገቡ ነው።»

ካሜራው ገባ። የጨርቅ መደብር አለፈ፤ ከዚያ የቅመም፤ ከዚያ ሌላ መንገድ ታጠፈ፣ እዚያም ሱቅ ነው፣ ከግራም ከቀኝም። በሽቦ ጎጆ የተደረደሩ ወፎች። ምግብ ቤቶች። ፈረስ ላይ የተቀመጡ ፖሊሶች። የዓለም ሕዝብ ማሊያ ለብሶ ይተራመሳል። እኔ ራሴ፣ ከሁሉም ቀድሜ ማወቅ የነበረብኝ ሰው፣ አንድ ረጅም ሰላሌ ከአንዱ በር ብቅ ይላል ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ።

«በመቶዎች የሚቆጠሩ ሱቆች ያሉበት ጥንታዊ ገበያ ነው» አለ ጋዜጠኛው። «ዋቂፍ ማለት በአረብኛ የቆመ ማለት ነው። ድሮ ነጋዴዎቹ ቆመው ይሸጡ ስለነበር ነው ይባላል።»

አዳራሹ ውስጥ ማንም ማንንም አላየም። እትዬ ገዲሴ ዓይኗን ጨፍናለች፤ የዚህኛውን አክስት ግን አላገኘቻትም። ከረቡዕ ካተረፍኩት ተምር አፌ ውስጥ የቀረውን ፍሬ የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«አስፋፍቶታል» አለች ከድጃ፣ ለራሷ።

የሳቀ የለም። መኩሪያ መጀመሪያ ቀኝ ክንዱን፣ ቀጥሎ ግራውን ከወንበሩ ላይ አነሳ። ከዚያ ተነስቶ ቆመ። ጋሽ ዳባ ቀና ብሎ አየውና፣ ሹራቡን ወደ ታች ሳብ አድርጎ፣ እሱም ተነሳ። እትዬ ገዲሴ ተነሳች። እኔም፣ እንደ ዋቂፍ፣ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ ከኋላ አንድ ሰው፣ «አይታየንም።»

ቡድኖቹ ወደ ሜዳ ገቡ። ሁለቱ ወንበሮች ከፊት ለፊታችን ባዷቸውን ናቸው። የኋላው ሰውም ተነስቷል፤ የተቀመጠ የለም።