ከቡሬ በታች ያለው የጣሊያን ቤት

መምህር ደርበው ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከመጨረሻው ጥያቄ ላይ ቆሟል። ዘመኑ 1978 ዓ.ም. ነው፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለውን የጣሊያን እርሻ ቤት አይቶ ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን እንዲጽፍ አውራጃው ልኮታል። ጣሪያው ከወደቀ ቆይቷል፤ አራቱ የድንጋይ ግድግዳዎች ግን አሉ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ክንዱ አጠገቡ ወዲያ ወዲህ ይላል። ድጅኖ የያዙ ሰዎች በሩ ላይ ይጠብቃሉ። ድንጋዩ ለአዲሱ መንደር ትምህርት ቤት ተፈልጓል።

«ፋሽስት ያሠራውን ቅርስ ልትለው ነው?» አለ ክንዱ። «ልጆቻችን ዛፍ ሥር ነው የሚማሩ።»

ዛፍ ሥር የሚያስተምራቸው ደርበው ራሱ ነው።

ይሄኔ እሜቴ ቻይነሽ ዱላቸውን ተደግፈው መጡ። መሬቱ ጣሊያን ሳይነጥቅ በፊት የአባታቸው ነበር።

«ልታፈርሱት ነው አሉ።»

«እርስዎስ ቢፈርስ ደስ አይልዎትም?» አለ ደርበው። «የነጠቃችሁ ሰው ቤት ነው።»

«ቤቱ የሱ ነው። ግንቡ ያባቴ ነው» አሉ፤ እጃቸውን በምሥራቁ ግድግዳ ላይ አሳርፈው። «ገደፋው ይባላል። በገዛ መሬቱ ላይ እየገረፉ ድንጋይ አስጠረቡት። ሥራው ባለቀ በሳምንቱ ሞተ። የት እንደቀበሩት አልነገሩንም። ያለኝ ይሄ ነው።»

ድጅኖ ከያዙት አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ክንዱ ግን «ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ለሕያው ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ደርበው «ሠሪው» ከሚለው ጎን የጻፈውን «ጣሊያናዊ» ሰረዘና «ገደፋው» ብሎ ጻፈ። ከታችም «ቅርስ ነው፤ እንዳይነካ» ብሎ ፈረመ።

የአውራጃው መልስ ሦስት ወር ፈጀ። ደርበው መቀመጫ አጣ። በየቅዳሜው ሄዶ ያያል፤ በየቅዳሜው ድንጋዩ ለትምህርት ቤቱ እየተወሰደ ጎድሎ ያገኘዋል። ክንዱ ሰላምታ ነሳው። «አይፍረስ» የሚለው ደብዳቤ ሲደርስ ሁለት ግድግዳ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ግንብም ከመስኮት ከፍታ ሳያልፍ ቆመ።

ደርበው ለእሜቴ ቻይነሽ ሊነግር ወደ አዲሱ መንደር ወረደ።

«የትኞቹ ቀሩ?» አሉ እሜቴ ቻይነሽ።

«የምሥራቁና የጓዳው።»

«የጓዳው ያባቴ አይደለም። ሙጬ የሚባል ያገው ሰው ነው የሠራው። ልጆቹ ባንጃ አሉ ይባላል። ነግረሃቸዋል?»

«ኧረ አላወቅሁም።»

«ታዲያ ምን ትቀመጣለህ?»

በማግስቱ ደርበው የባንጃን መንገድ ያዘ።