አራት ምን?

«አላህ አራት ልጆቹን ያሳድግ» አሉ መምህር ኡበይዳ ዱዓውን ሲያሳርጉ።

ለቀስተኛው ሁሉ «አሚን» ሲል ኡምሰልማ ብቻ ዝም አለች። የእሷና የሟቹ ልጆች ሦስት ወንዶች ናቸው።

«ተሳስተው ነው» አለቻት የባሏ እህት ኸሊዳ በጆሮዋ፣ ሳትጠይቃት። ያ ይበልጥ አስጠረጠራት። ኡበይዳ ከባሏ ከሱሩር ጋር ሰመራ አንድ ትምህርት ቤት ያስተማሩ፣ ስድስት ዓመት አንድ ቤት ተከራይተው የኖሩ፣ ከትናንት በስቲያም ጀናዛውን ይዘው አዋሽ ድረስ የመጡ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው የጓደኛውን ልጆች ቁጥር አይስትም።

ሱሩር የአንደኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነበር። ቤቱ የሚመጣው በየወሩ መጨረሻ ነው። ለኢድ የልጆች ልብስ ሲገዛ ግን ከሦስቱ ሌላ አንድ የሴት ልጅ ቀሚስ ይጨምርና ይዞት ወደ ሰመራ ይመለሳል። «ለችግረኛ ተማሪዬ ነው» ይላል። ቀሚሱ በየዓመቱ ሲረዝም ኡምሰልማ በዓይኗ ትለካው ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ አስከትላ ከሰመራ መጣች። ሹክሹክታው ድንገት ቆመ። ኡምሰልማ የልጅቱን ግንባር፣ ጆሮዋን፣ አረማመዷን ሳይቀር መረመረች። የሱሩር የሆነ ነገር አጣችባት፤ ማጣቷም አላሳመናት። ሁለቱንም ወደ ጓዳ ጠርታ በሩን ገፋ አደረገችው።

«ማን ልበልሽ?»

«ሂያም እባላለሁ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሻይ እሸጣለሁ።»

«ልጅቱስ?»

«ሙንተሃ፣ ልጄ ናት። አባቷ ሹፌር ነበር፤ ጡት ሳትጥል ሰርዶ አጠገብ መኪና ተገልብጦበት ሞተ።»

«ታዲያ ባሌ ምኗ ነው?»

ሂያም ዓይኗን አልሰበረችም። «ላስመዘግባት ስሄድ መዝጋቢው እሱ ነበር። የተወለደችበትን ዓመትና ወር ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ‹የእኔም ዊዳድ የተወለደችው በዚያው ወር ነው› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቀሚስ የሚገዛላት በቁመቷ እየለካ ነው። ‹ይህን ታክል ነበር› ይላል።»

ዊዳድ የኡምሰልማ የበኩር ልጅ ነበረች፤ አሥራ አንድ ቀን ብቻ ኖራ የሞተች። መሀመድአሚን በተወለደ ሰሞን አንዲት የጤና ባለሙያ ስንት ልጅ እንዳላቸው ብትጠይቅ ሱሩር «ሁለት» አለ። ኡምሰልማ «አንድ ነው ያለን» ብላ ቤቱን ጥላ ወጣች። ከዚያ በኋላ እሷ ባለችበት ልጆቹን ቆጥሮ አያውቅም።

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ስሟን ካነሣሁባት ትወጣለች ብሎኛል።»

«ሌላ ነገር የለም?»

«ወላሂ የለም፣ እህቴ።»

ኡምሰልማ የሴትዮዋን ፊት ቆይታ አየችው። ባለፈው ክረምት ሱሩር ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መሀመድአሚንን ሲያስጠና ትዝ አላት።

«ሁለት ፍየልና ሦስት ግመል ስንት ነው?»

«አምስት።»

«አምስት ምን?»

ልጁ ጣቶቹን እንደገና ቆጠረ።

«አምስት ፍየል አይደለም፤ አምስት ግመልም አይደለም። ለመደመር መጀመሪያ ሁሉንም የሚያቅፍ ስም ትፈልግላቸዋለህ። ስሙን ካላገኘህ ቁጥሩ ባዶ ነው።»

ይህን ብሎ ቀና ሲል ያየው እሷን ነበር። ያን ጊዜ አልገባትም። ያሉትንና የሌለችውን አንድ ላይ የሚያቅፈውን ስም እሱ ብቻውን ይዞት ኖሯል፤ «አራት ልጆቼ» እያለ፣ እሷ በሌለችበት።

ሙንተሃ በሩ ጥግ እንደቆመች ነው። ሻሿ ተንሸራቶ፣ የመንገዱ አቧራ የለበሰው ሹሩባዋ ተፈታትቷል። ኡምሰልማ እጇን ይዛ ምንጣፉ ላይ ከጉልበቷ መሃል አስቀመጠቻት። የሴት ልጅ ጠጉር ሠርታ አታውቅም። ማበጠሪያውን አንሥታ ከጫፉ ጀመረች።

«ያመኛል» አለች ልጅቱ በቀስታ።

ኡምሰልማ እጇን አቀለለች።