የእማዬ ማድያት

ደግሞ እኮ መጀመሪያ በራሴ ላይ ነው የሞከርኩት፣ ሰባት ቀን ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ከጥርስ ሳሙና ጋር በማንኪያ አማስዬ፣ ምንም አልሆንኩም፣ እንዲያውም ፊቴ ጠራ፣ ብየዳ ቤት ማስተሩ ራሱ አየት አድርጎኝ ምነው አንተ ብልጭታ፣ ልታገባ ነው እንዴ ብሎኛል፣ እና በራሱ ሞክሮ የቀባ ሰው ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው፣ ንገሩኛ፣ ማንን ነው የምጠይቀው፣ አግዳሚውን? የክሊኒኩ አግዳሚ እግሩ ጋ ብየዳው ቀዳዳ አለው፣ ይሄን የሠራው ሰው ቸኩሏል። እኔም ቸኩያለሁ።

የምርመራ ክፍሉ በር አይገጥምም፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው፣ ከውስጥ የእማዬ ጫማ ይሰማኛል፣ ስትፈራ እግሯን መሬት ላይ ትፈትጋለች።

ዛሬ ጠዋት ነው፣ መብራቱን ሳበራ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች፣ እማዬ አልረፈደብሽም? እማዬ ዙሪ እስቲ፣ ተወኝ ልጄ፣ ዙሪ ስልሽ፣ ዞረች፣ ግራ ጉንጯ ውሃ ቋጥሯል፣ ግራ ዓይኗ የለም። አለ፣ አለ፣ አብጦ ተከድኖ ነው እንጂ አለ፣ በጣቴ ቆቡን ገለጥ አድርጌ ምን ይታይሻል አልኳት፣ ጭጋግ አለች። ጭጋግ። የሰው እናት ዓይን አጥፍቼ ቢሆንስ፣ የሰው እናት ምን ማለት ነው፣ የራሴ እናት ናት፣ አንድ እናት ነው ያለችኝ፣ ያችን አንዷን።

አራዳ ነኝ እላለሁ ደግሞ። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ያላየሁት የለም፣ ፎርጅድ ስልክ በክብደቱ የምለይ ሰው፣ ሻጩ አፉን ሳይከፍት ውሸቱን የማውቅ ሰው፣ በሎሚ ተሸወድኩ፣ ስልኬ ላይ በቪዲዮ ያየኋት ልጅ ፊቷ እንደ መስታወት ያበራል፣ ማድያት በሦስት ቀን ድራሹ ይጠፋል ትላለች፣ ከሥሩ ሦስት መቶ ሺህ ላይክ፣ ሦስት መቶ ሺህ ሰው ባንዴ ይሳሳታል ወይ አልኩ፣ ይሳሳታል፣ በደንብ አድርጎ ይሳሳታል።

የኔ ነገር የጀመረው በጺም ብጉር ነው፣ የሩዝ ውሃ ቀባሁ፣ የእንቁላል ነጭ ቀባሁ፣ ደርቆ ስስቅ እንደ ግድግዳ ተሰነጠቀ፣ በረዶ የሞላ ሳህን ውስጥ ፊቴን ነክሬ ትንፋሽ አጥሮኝ ብቅ ስል እማዬ በር ላይ ቆማ ትስቃለች፣ ልጄ ምን ጎደለብህ፣ ሴት አየችህ መሰለኝ፣ አላየችኝም እማዬ፣ ለዚያ እኮ ነው፣ ሳቀች ሳቀችና ቆይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለማድያትስ አለው? አለችኝ። እንደዚያ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም፣ ስለ ፊቷ አውርታ አታውቅም።

ግን አውቃለሁ። መሥሪያ ቤቷ አዲስ መታወቂያ ሲያወጣ ፎቶ አንሺው ቀና በሉ እናቴ ሲላት ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው፣ ፊት ካልታየ አይሆንም አላት፣ መታወቂያው ሲመጣ ገልብጣ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው፣ ጀርባው ወደ ሰው፣ ፊቷ ወደ ደረቷ። አስፋልት ዳር ቦታ እያሳየች የምታቆማቸው ባለ መኪኖች ምን ያውቃሉ፣ የፓርኪንግ ቲኬት ተቀብለዋት ይሄዳሉ፣ እኔ ግን አየሁት፣ አየሁትና አለው እማዬ፣ በሦስት ቀን፣ እኔ አለሁልሽ አልኳት። አለሁልሽ።

ያቃጥላል አለችኝ በመጀመሪያው ጠዋት፣ ሲሠራ ነው የሚያቃጥለው አልኳት፣ ሐኪም ሆኜ፣ አመነችኝ፣ ሁለት ቀን ታገሰች፣ ትናንት ማታ በሦስተኛው ቀን እያከከች መጣች፣ እየለቀቀ ነው አልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እማማ ቀኝ ዓይንዎን በእጅዎ ይሸፍኑልኝ። ሲስተሯ ናት፣ ስንገባ ጠብታ እናድርግበትና ትንሽ ሲከፈት እናያለን ብላ ነበር፣ ተከፈተ ማለት ነው፣ በግራው ብቻ ይመልከቱ፣ ጣቶቹ ወደየት ናቸው? ግድግዳው ላይ ያሉት ናቸው፣ ሦስት ጣት ያላቸው ጥቁር ምልክቶች፣ ከላይ እንደ ጡብ ትልቅ፣ ከታች ጉንዳን የሚያክሉ፣ ስንገባ አይቻቸዋለሁ፣ ቅደም ተከተሉን ግን አልያዝኩም፣ ምናለ ብይዘው።

ወደ ቀኝ፣ አለች እማዬ። ወደ ላይ። ኧረ ሲስተር ልክ ነው በያት፣ ወይ ስህተት ነው በያት፣ ወደ ግራ፣ ቀጥሎስ እማማ፣ እ… ቆይ፣ ምን ቆይ ነው፣ ለምን ቆይ ትላለች፣ እጄ ላይ ትናንት ብረት ያቃጠለኝን ቆዳ እየላጥኩ ነው፣ ወደ ታች፣ አሁንም ወደ ታች፣ ከዚያስ፣ ይቺ አነሰችብኝ፣ አነሰችብኝ ማለት ያው መታየት ነው አይደል፣ ያልታየ ነገር አያንስም፣ ይቺ ደግሞ ወደ ግራ፣ ስበረው፣ ስበረው፣ ቀጥ፣ ና ና ና፣ በቃ፣ እዛው አቁም!

ሲስተሯ በሳቅ ፈነዳች። ሰው በጠፋ ዓይን ላይ አይስቅም። አይስቅም እኮ፣ ራሴን በሁለት እጄ ይዤ አጎነበስኩ፣ አጠገቤ ያለው ሽማግሌ አይዞህ ይለኛል፣ ጋሼ ደህና ነኝ፣ እናቴ መኪና እያስቆመች ነው፣ ጋሼ በጥርጣሬ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ዶክተሯ በሩን ከፈተችው፣ አጭር ናት፣ ድምፅዋ ግን አጭር አይደለም፣ ዓይናቸው ደህና ነው፣ ያበጠው ቆቡ ነው፣ ጉንጫቸው ለጥቂት ወራት ይጠቁራል፣ ከዚያ ይለቃል፣ ሎሚ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ማን ነው የቀባቸው?

ራሴ ነኝ፣ አለች እማዬ ከውስጥ። ሳታስብ፣ ፈጠን ብላ፣ ልጅ ሆኜ የጎረቤት መስኮት የሰበርኩ ጊዜ እንዳለችው።

እኔ ነኝ ዶክተር፣ አልኩ። እሱ ምን ያውቃል ዝም በሉት፣ እማዬ ተይ፣ እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ በራሴ ሞክሬ ምንም ስላልሆንኩ ነው። ሥራህ ምንድነው? በያጅ ነኝ። ስትበይድ ፊትህን ምን ታደርገዋለህ? ማስክ አለኝ ልል ነው፣ ማስክ… ቆይ። ከጠዋት እስከ ማታ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ጥቁር ማስክ ውስጥ፣ ፀሐይ የት አግኝታኝ፣ ሰባቱንም ቀን ጨለማ ውስጥ ነው የሞከርኩት፣ እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አስፋልት ዳር ትቆማለች፣ ግራ ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ። ዶክተሯ አልጮኸችብኝም፣ ብትጮህብኝ ይሻል ነበር፣ ገባህ አይደል አለችኝ፣ ገባኝ።

ማድያቱስ ዶክተር? አለች እማዬ፣ ሲስተሯ ጉንጯ ላይ ፋሻ ከለጠፈችላት በኋላ፣ አታፍርም እኮ። ለሱም የሚሆን ቅባት አለው እናቴ፣ መጀመሪያ ይሄ ይዳንልዎት፣ ከወር በኋላ ይምጡ፣ እስከዚያ ፀሐይ እንዳይነካዎት። እመጣለሁ አለች፣ ቀጠሮውን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ አየኋት፣ ደስ ብሏታል፣ ፊቷ እንዲህ ሆኖ ደስ ብሏታል።

ወጣን። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ከግራ ትመጣለች፣ በግራዋ ዞሬ ትከሻዬን ሰፋ አድርጌ እሄዳለሁ፣ ሳንባዬ ከጠዋት ጀምሮ ገና አሁን አየር ገባው፣ ይቅርታ እማዬ ልላት ነው፣ አፌ ላይ ደርሷል፣ ግን ሳላውቀው ፈጥኛለሁ መሰለኝ ክንዴን ጎተት አደረገችኝ፣ ኧረ ቀስ በል አንተ፣ ጥላህ አመለጠኝ።