ሦስተኛው አንጓ

ከጥዶቹ ጀርባ በቅሎ ሲያናፋ ሰማሁ። አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀበለዋል፤ ቀጭን አለ፣ ጎርናና አለ፣ መሃል ላይ ሳል የሚያቋርጠውም አለ። ሁልጊዜ በመኪናቸው ይዘውኝ የሚመጡት ሚስ ሬይኔል መሪውን እንደያዙ የመኪናውን መስኮት አወረዱና አንገታቸውን አስግገው እሳቸውም አናፉ። ከዚያ ጥዶቹ አለቁና ሜዳው ታየን። በቅሎ የሚባል የለበትም፣ ሁሉም ሰው ነው። ከጆርጂያ የመጣ፣ ከቴነሲ የመጣ፣ ፒክአፑን በተርታ አቁሞ ከኋላው ጭነት ማውጫ ላይ ተቀምጦ እግሩን የሚያወዛውዝ፣ ባርኔጣው ላይ ከጨርቅ የተሰፋ ረጅም ጆሮ ያንጠለጠለ ሰው።

የዘመሙ በቅሎዎች የሚባለውን ባንድ የምንወድ ሰዎች ሰላምታችን እንዲህ ነው። አላባማ ውስጥ እኛን እንደ እብድ የሚያይ ብዙ ነው። እኔ ግን እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዬን ደፍኜ የምውለው፣ ማታም እናቴ ትታልኝ በሞተችው ቤት ብቻዬን የማድረው፣ ይቺን ቅዳሜ እያሰብኩ ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ስሜን የማያውቅ የለም። ሚስ ሬይኔል ገና ከመኪናው ሳይወርዱ የተቀቀለ ኦቾሎኒያቸውን በኩባያ ያድላሉ፤ ለእኔ ሲደርሱ፣ አንድ ሚስት እንኳ ማግኘት ያቃተው በቅሎ ብለው ያስተዋውቁኛል።

የባንዱ ዘፋኝ በርል ታኬት ነው። ሠላሳ ዓመት በቱታው ላይ ክራባት አስሮ ክራር መሳዩን ባንጆ ሲመታ ኖሯል። ሚስቱ ቨርሊን ከጎኑ ቤዝ ጊታር ትጫወታለች። ድራመኛቸው ከከበሮው መሃል የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ደቅኗል። ዝግጅቱን ሁልጊዜ የሚዘጉት ድልድይ አልሻገርም ስላለች በቅሎ በሚያወራው ዘፈን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የግጥም አንጓዎች ያስቃሉ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ በርል ድንገት ይቆምና ጭንቅላቱን ያካል። ረሳሁት ይላል። ወደ ቨርሊን ዞሮ፣ ይቺ ሴት ማን ናት፣ እሷ ታውቀው ይሆን ብሎ ይጠይቀናል። እኛ ደግሞ በአንድ ድምፅ «ሚስትህ ናት፣ አንተ በቅሎ!» ብለን ሦስተኛውን እንዘፍንለታለን። የመጣነው ለዚያች ደቂቃ ነው ቢባል ውሸት አይደለም።

የዚያን ቀን ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ የአምባዛ ጥብሱ ተራ ላይ ቆሜ ሳለ ቨርሊን ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። በሕይወቴ ለብቻዬ አናግራኝ አታውቅም። ወደ ጄኔሬተሩ ጎን ወሰደችኝ፣ ጫጫታው ድምጿን እንዲሸፍንላት መሰለኝ።

«ሃርላን አይደለህ? ከፊት ቆመህ የምትዘፍነው።»

«አዎ፣ ሚስ ቨርሊን» አልኳት፤ እኛ አገር ያገባችውንም በአክብሮት ሚስ ነው የምንላት።

በርል ከጸደይ ጀምሮ እየረሳ ነው አለችኝ። የጨዋታውን አይደለም፣ የእውነቱን። መጀመሪያ የመንገድ ስም፣ ቀጥሎ የድራመኛው ስም፣ አሁን ዘፈኑ። ሐኪሙ ያለውንም ነገረችኝ። የዛሬው የመጨረሻ ዝግጅታቸው ነው፤ ሰው ሳያውቅበት፣ እንደተከበረ አዘፍናው ቤቱ ልትመልሰው ነው የፈለገችው።

«ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ፋታ አትስጡት» አለች። «አንተ አንሳው፣ ሕዝቡ ይከተልሃል። ስለኔ እንዲጠይቅ ብቻ አታድርጉት።»

ለምን አልኳት፤ ሞኝ ነኝ።

«መልሱ እንዳይጠፋው ነዋ፣ ልጄ።»

ለሚስ ሬይኔል እንዳልነግር አስማለችኝ። ሬይኔል ካወቀች ነገ ጆርጂያ በሙሉ ያውቃል ብላ ትንሽ ሳቀች። ከዚያ ሊፒስቲኳን አስተካክላ ሄደች።

ባንዱ ሲጀምር በርል እንደ ድሮው ነበር። ጣቶቹ ምንም አልረሱም። ቨርሊን እያንዳንዱን ዘፈን ሊጀምር ሲል ጠጋ ትልና የመጀመሪያውን ቃል በከንፈሯ ትሰጠዋለች፤ ሕዝቡ ፍቅር መስሎት ያፏጫል። ፍቅርም ነበር። የበቅሎዋ ዘፈን ሲመጣ ወደ መድረኩ ጠጋ አልኩ። ሁለተኛው አንጓ አለቀ። በርል አፉን ከፈተ፣ ዓይኑ ባዶ ሆነ። እጁ ወደ ጭንቅላቱ ሳይደርስ እኔ አነሳሁት፦

ከመንገድ ብወጣ ቢጠፋኝም ዱካ፣
በቅሎዬ ታውቃለች ደጃፍሽን ለካ።

ሜዳው ተቀበለኝ። በርል ፈገግ ብሎ ከኛ ጋር ዘፈነ። ቨርሊን ዓይኗን ጨፈነች፣ ትከሻዋ ወረደ። አለፈ አልኩ በልቤ።

ግን እኛ ጨዋታችንን የምንተው ሰዎች አይደለንም። ጥያቄው ሳይጠየቅ ዘፈኑ ሊያልቅ ነው፤ ለዚያች ጥያቄ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሰው አለ። ሚስ ሬይኔል ከጎኔ ኩባያቸውን ወደ ላይ አነሱና «ዘለልከው እኮ በርል! ጠይቅ እንጂ!» አሉ። አንድ ሰው ከኋላ አናፋ። ከዚያ ሁሉም፣ «ጠይቅ! ጠይቅ!» እያለ መሬቱን በእግሩ ይደበድብ ጀመር። የሚስ ሬይኔልን ክንድ ይዤ ይተዉ፣ ይተዉ እባክዎ እላለሁ፤ እየቀለድኩ መስሏቸው በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

በርል ምን እንደፈለግን አልገባውም። ወደምንጠቁምበት ዞረ፤ ቨርሊን ቆማለች። አያት። ረጅም ጊዜ አያት።

«ማን ናት?» አለ። የቀልዱ ድምፅ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ ነው።

«ሚስትህ ናት፣ አንተ በቅሎ!» ብሎ ሜዳው ተናጋ። እኔ የሚስ ሬይኔልን ክንድ ለቀቅኩ።

በርል ባርኔጣውን አወለቀ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የማያውቃት ሴትዮ እንዳጋጠመችው ሰው፣ ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበር አደረገ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ» አላት፣ በማይክሮፎኑ። «እዚህ ቆመው አላየሁዎትም።»

እንደዚያ ሲሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ሚስ ሬይኔል እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ቀልድ ጨምሮ አያውቅም እያሉ ጀርባዬን መቱኝ።

ቨርሊን የጊታሯን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቀለች። ጊታሩን ከገንዳው ጋር አስደግፋ አቆመችው። ባርኔጣውን ከእጁ ወስዳ ራሱ ላይ አደረገችለት፤ እሱም አመሰገናት። የመድረኩን ደረጃ ወርዳ በመሃላችን ስታልፍ ሰው እያጨበጨበ መንገድ ለቀቀላት። ሚስ ሬይኔል ኦቾሎኒ ዘረጉላት፣ አላየቻቸውም። እኔንም አላየችኝም። የባንዱን ፒክአፕ አስነስታ፣ ቀዩን አቧራ እያቦነነች፣ በርልን መድረኩ ላይ እንደቆመ ትታው ሄደች።